ቀለሙ የውኃው ነው ወይስ የብረቱ?

ሰሞኑን እዚህ አቦከር፣ እናቴ ቤት፣ አንድ ወጣት ሻጭ መጣ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አንደበቱ ለስላሳ፣ በእጁ ጥቁር ሻንጣ ይዟል። «እናቴ፣ እንዴት አደሩ? ልሸጥልዎት አይደለም የመጣሁት፤ የሚጠጡትን ውኃ ላሳይዎት ብቻ ነው» አላት። እናቴ ደግሞ ሰው በር ላይ ማቆም አታውቅም። «ግባ ልጄ» አለችው። ቡናም ቀረበ።

ሁለት ብርጭቆ ጠየቀ። በአንዱ ከቢጫው ጄሪካናችን ቀዳበት። በሌላው ከሻንጣው ያወጣውን «የተጣራ» ውኃ ሞላበት። ከዚያ ጥንድ ጥንድ ብረቶች የተንጠለጠሉበት መሣሪያ ሶኬት ላይ ሰካና ብረቶቹን ሁለቱም ብርጭቆ ውስጥ ነከራቸው። ደቂቃ እንኳ አልሞላም። የእኛ ውኃ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ ሆነ፣ መጨረሻ ላይ የክረምት ጎርፍ መሰለ። የእሱ ግን እንደነበረ ጥርት ብሎ ቀረ።

«ይኸውልዎት። ለልጅ ልጆችዎ በየቀኑ የሚያጠጧቸው ይህንን ነው።»

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔም፣ ልዋሽ አልችልም፣ ደነገጥኩ። የማጣሪያው ዋጋ 18 ሺህ ብር፣ በሦስት ጊዜ የሚከፈል። እናቴ ለበዓል ያስቀመጠችውን ብር በሐሳቧ ስትቆጥር ከፊቷ ይነበብ ነበር።

ያዳነችን የ10ኛ ክፍል ተማሪዋ የእህቴ ልጅ ናት። ብረቶቹ ከውኃው ወጥተው ሳለ ከጓዳ ቁንጥር ጨው ይዛ መጣችና ሰውዬው «ንጹሕ» ያለው ብርጭቆ ውስጥ ጣል አደረገችበት። «አሁን እንደገና ይንከሩት» አለችው። ማመንታት ጀመረ። እናቴ «ንከረው እንጂ ልጄ» ስትል ግን ማምለጫ አልነበረውም። ነከረው። ያ ጥርት ያለ ውኃ ከእኛም ብሶ ደፈረሰ።

ቤቱ ጸጥ አለ። እናቴ ብርጭቆውን አየች፣ ሰውዬውን አየች፣ «እንግዲህ ቆሻሻው የኔ ጨው ነው ማለት ነው?» አለች። ቡናውን ሳይጨርስ ወጣ።

ይህን የምጽፈው ሰውዬውን ለማሳጣት አይደለም፤ እሱም እንጀራ ፍለጋ ነው፤ ምናልባትም ራሱ አምኖበት ይሆናል። የምጽፈው ይኸው ትርዒት ዛሬ በር ማንኳኳት ስለማያስፈልገው ነው። ቲክቶክ ላይ አለ፣ ቴሌግራም ላይ አለ፣ እናንተ ስልክ ውስጥ ነው ያለው። ውኃ ይቀየራል፣ ሰው ይደነግጣል፣ ከሥር ስልክ ቁጥር ይለጠፋል።

ምን ሆኖ ነው የደፈረሰው? ነገሩ ቀላል ነው። ፍጹም ንጹሕ ውኃ ኤሌክትሪክ እምብዛም አያስተላልፍም። ጨውና ማዕድን ሲሟሙበት ግን ያስተላልፋል፤ ምክንያቱም የሟሙት ነገሮች አየን በሚባሉ፣ ኤሌክትሪክ በያዙ ጥቃቅን ቅንጣቶች መልክ ይዋኛሉ። ኤሌክትሪኩ መንገድ ሲያገኝ ከጥንዱ አንዱ ብረት ራሱ መሟሟት ይጀምራል፤ የብረቱ አተሞች ወደ ውኃው ይገባሉ፣ ዝገት ይሆናሉ። ያያችሁት ቡናማ ነገር ከጄሪካኑ የመጣ አይደለም። ከመሣሪያው የመጣ ዝገት ነው። ሰውዬው የእናቴን ውኃ አላሳያትም፤ የራሱን ብረት ነው ያሳያት። (እባካችሁ ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት። ኤሌክትሪክና ውኃ ቀልድ አያውቁም።)

እስክሪብቶ የምታክለው ቁጥር አሳይ መለኪያም እንዲሁ ነች። በውኃው የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ለክታ የሟሟውን ነገር በግምት በቁጥር ትነግራችኋለች። ለዚያ ጥሩ ነች። ግን ካልሲየም ይሁን ፍሎራይድ፣ ናይትሬት ይሁን የምግብ ጨው አትለይም። ጀርምን ደግሞ ጭራሽ አታይም። የተበከለ የዝናብ ውኃ «20» ሊያሳይ ይችላል፤ ጤናማ የምንጭ ውኃ «400»። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ600 ሚሊግራም በታች የሟሟ ነገር ያለበትን ውኃ ጣዕሙ ጥሩ ነው ይለዋል፤ ከ1,000 በላይ ሲሆን ጣዕሙ እየከፋ ይሄዳል። ልብ በሉ፣ ጉዳዩ ጣዕም ነው፤ መርዝ ማለት አይደለም።

ትርዒቱ ሐረር ላይ የሚሠራበት ምክንያት አለው። እኛ በውኃ የተፈተንን ሰዎች ነን። ከተማዋን ያጠጣት የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በዓይናችን ፊት ደረቀ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በቅርብ ዓመታት ውኃ ተመልሶበታል፤ እሰየው። ግን ከዚያ ወዲህ ውኃችን ከሩቅ፣ ከድሬዳዋ አካባቢ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ሳይቀር፣ ዳገት እየተገፋ ነው የሚመጣው። የዚያ አካባቢ መሬት የኖራ ድንጋይ የሞላበት ነው፤ ሲሚንቶ ፋብሪካም የተተከለው ለዚያ ነው። የማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ባብዛኛው ይኸው የኖራ ድንጋይ ዘመድ፣ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ማንቆርቆሪያ ያበላሻል እንጂ ልጅ አይገድልም። ሰው ግን ነጩን ሲያይ ይጠረጥራል፤ ጠርጥሮ መልስ ሲያጣ ደግሞ ሻንጣ የያዘውን ያምናል።

እና ውኃ ውስጥ ምን እንዳለ፣ እዚያም ምን እየሠራ እንደሆነ በእውነት መጠየቅ ይቻላል? ይቻላል። ከመጠየቂያ መንገዶች አንዱን ልንገራችሁ፤ ስሙ ይከብዳል፣ ሐሳቡ ግን ሱቅ ሄዶ ዕቃ እንደመግዛት ነው። ፎቶኤሌክትሮን ስፔክትሮስኮፒ ይባላል።

ሱቅ ሄዳችሁ 100 ብር ሰጣችሁ እንበል፤ ባለሱቁ 60 ብር መልስ ሰጣችሁ። ዋጋውን ባይነግራችሁም ዕቃው 40 ብር እንደሆነ ታውቃላችሁ። ይኸው ነው። ሳይንቲስቶች ኃይሉን አስቀድመው በሚያውቁት ብርሃን ውኃውን ይመቱታል። ብርሃኑ ከውኃው ኤሌክትሮን ያስወጣል። የወጣውን ኤሌክትሮን ፍጥነት ይለካሉ፤ እሱ «መልሱ» ነው። የተከፈለው ሲቀነስ መልሱ፣ ውኃው ኤሌክትሮኑን ምን ያህል አጥብቆ ይዞት እንደነበር ይነግራል። ብርሃን በእንዲህ ያለ ጥቅል ጥቅል እንደሚከፍል በ1905 ያስረዳው አልበርት አንስታይን ነው፤ በኖቤል ሽልማቱም የተጠቀሰለት ሥራ አንጻራዊነት ሳይሆን ይህ ነበር። ዘዴውን የኬሚስትሪ መመርመሪያ ያደረገው የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲው ካይ ሲግባን ደግሞ በ1981 ኖቤል ተሸለመ።

ጠጣር ነገር ላይ ሠራ፣ ጋዝ ላይ ሠራ። ውኃ ላይ ግን እንቢ አለ። ለምን? ኤሌክትሮን አየር ውስጥ ሩቅ አይሄድም፤ ከአየር ጋር ሲጋጭ መልሱን ይጥላል። ስለዚህ ልኬቱ አየሩ ተመጥጦ በወጣበት ዕቃ ውስጥ ነው የሚካሄደው። አሁን ሐረርን አስቡ። ከባሕር ጠለል ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆንን እዚህ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ውኃ ቶሎ ይፈላል። አየሩን ጨርሳችሁ ብታወጡትስ? ውኃው ያለ እሳት ይንፈቀፈቃል፣ እየተነነ ሙቀቱን ይጨርስና በረዶ ይሆናል። ፈሳሽ ውኃን ባዶ ዕቃ ውስጥ ማቆም አይቻልም ተብሎ ቁጭ ተባለ።

የጀርመኗ ጎቲንገን ከተማ ተመራማሪ ማንፍሬድ ፋውብል «አታቁሙት፣ አስሩጡት» የሚል መልስ አመጣ። ውኃውን ከፀጉር በቀጠነ ቀዳዳ፣ በሰከንድ 100 ሜትር ገደማ ፍጥነት እንደ ክር እየተረጨ እንዲያልፍ አደረገው። ውኃው ለመፍላትም ለመቀዝቀዝም ጊዜ ሳያገኝ ብርሃኑ ያገኘዋል። በ1997 እሱና ባልደረቦቹ በዚህ ክር የለኩትን የፈሳሽ ውኃ ልኬት አሳተሙ። ሥራው በኋላ በበርሊን፣ ቤሲ በሚባለው ትልቅ የብርሃን ማመንጫ ቀጠለ።

አሁን ወደ ሰውዬው ብረት ልመልሳችሁ፤ ነገሬ ያለው እዚህ ላይ ነውና።

በ2004 የበርሊኑ ቡድን ፈሳሽ ውኃ በጣም ላላ ብሎ የያዘው ኤሌክትሮን ዋጋ 11.16 ኤሌክትሮን ቮልት ነው አለ። ብቻዋን በአየር ላይ ላለች የውኃ ሞለኪውል 12.6 ነው፤ ስለዚህ ውኃ ከጎረቤቶቹ ጋር ሲሆን ኤሌክትሮኑን ማስወጣት ይቀላል። ቁጥሩ በየጽሑፉ ተጠቀሰ፣ ዓለም ተጠቀመበት። ለ17 ዓመት። ተመራማሪዎቹ ግን አልተኙም። ውኃው በጠባቧ ቀዳዳ ሲሮጥ ራሱ ኤሌክትሪክ ይሞላል፤ ይህ ደግሞ ኤሌክትሮኑ ይዞት የሚወጣውን መልስ ያዛባል። «ከምናየው ውስጥ ስንቱ የውኃው ነው? ስንቱ የእኛ መሣሪያ ያመጣው?» ብለው ጠየቁ። ውኃው ላይ መጠኑ የታወቀ ኤሌክትሪክ እየሰጡ፣ ፈጣኖቹንም እጅግ ቀርፋፎቹንም ኤሌክትሮኖች በአንድ ሚዛን ለኩ። በ2021 ትክክለኛው 11.33 ነው ብለው በአደባባይ አረሙ። ካረሙት ሰዎች መካከል የፊተኛውን ቁጥር ያወጡትም ነበሩበት።

ልዩነቱ 0.17 ነው። ለማንቆርቆሪያችሁ ምንም አይደለም። ግን አስቡት፦ እነዚህ ሰዎች ለ0.17 ሲሉ የራሳቸውን መሣሪያ ከሰሱ። የኛ ሻጭ ደግሞ አንድ ሙሉ ብርጭቆ ዝገት ከራሱ ብረት አውጥቶ ውኃውን ከሰሰ። ለእኔ ሳይንስና ትርዒት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። በነጭ ጋውን አይደለም፣ በእንግሊዝኛ ቃል አይደለም፣ በኤሌክትሪክ መሣሪያም አይደለም። መጀመሪያ ራሱን የሚጠረጥር ማን ነው? ጥያቄው ይህ ነው።

«ታዲያ ይሄ ለኛ ምን ይጠቅመናል? ቧንቧው ሳምንት ሲጠፋ ስለ ኤሌክትሮን ታወራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፤ በቀጥታ እመልሳለሁ። ይህ መሣሪያ የአቦከርን ቧንቧ አይመረምርም፤ የሚመጣልንን ውኃም በአንድ ጠብታ አይጨምርም። ለመጠጥ ውኃ ምርመራ በጣም የቀለሉና የረከሱ የላቦራቶሪ ዘዴዎች አሉ። ይህ የሚጠቅመው ውኃ በመሠረቱ ምን እንደሆነ ለማወቅ ነው።

ያ እውቀት ግን ከእኛ ሩቅ አይደለም። ሁለት ነገሮችን ውሰዱ፦ ፍሎራይድና አዮዲን። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ያልፋል፤ ጥርሳቸው የበለዘ፣ ሲብስም አጥንታቸው የተጎዳ ወገኖቻችንን ሁላችንም አይተናል። በደጋ ደግሞ አዮዲን ያንሳልና እንቅርት ይበዛ ነበር፤ ለዚህ ነው ከ2011 ጀምሮ የምግብ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ የተደነገገው። በኬሚስትሪ ሰንጠረዥ ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ውኃ ውስጥ ግን ጠባያቸው ለየቅል ነው። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የኮምፒውተር ስሌቶችና የኤሌክትሮን ልኬቶች እንዳሳዩት፣ ትልቁና ልል የሆነው አዮዳይድ ወደ ውኃው ገጽ መውጣት ይወዳል፣ ኤሌክትሮኑንም ከውኃው ራሱ በቀለለ ዋጋ፣ በ8 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይለቃል። ትንሿ ፍሎራይድ ግን ውኃው አጥብቆ ከብቧት ወደ ውስጥ ትሸሸጋለች። ውኃ ጥብቅ አድርጎ የያዘውን ነገር ከውኃ ማላቀቅ ቀላል አይደለም። ደግሞም ልብ በሉ፦ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወጣም፤ ውኃው ሲተን እንዲያውም የቀረው ላይ ይበረታል። ናይትሬትም እንዲሁ። «አፍልቼዋለሁ» ማለት ለሁሉም መልስ አይሆንም።

ስለዚህ የምጠይቀው ነገር አለኝ።

አንደኛ፣ ውኃ የሚያቀርቡልን አካላት። ውኃው ይመረመራል ብዬ አምናለሁ፤ ውጤቱ ግን ለእናቴ ሲደርስ አላየሁም። በወር አንዴ ቀላል ሰንጠረዥ በቴሌግራም ቢለቀቅ ምን ይከብዳል? ክሎሪን ይህን ያህል፣ ናይትሬት ይህን ያህል፣ ፍሎራይድ ይህን ያህል፣ ጀርም አለ ወይም የለም። በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በኦሮምኛ። ውጤቱ መጥፎ በሆነ ወር እንኳ ይውጣ፤ እንዲያውም ያኔ ይበልጥ ይውጣ። ሕዝብ የሚደነግጠው መጥፎ ቁጥር ሲሰማ ብቻ አይደለም፤ ምንም ቁጥር ሳይሰማ ሲቀር ነው። ያንን ዝምታ ነው ሻንጣ የያዘው ሰው የሚሸጠው።

ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤቶች። የእህቴ ልጅ ቁንጥር ጨው የትም አልገዛችም፤ የኬሚስትሪ መምህሯ አንድ ቀን በባትሪና በምስማር ካሳየቻቸው ነገር ነው ያስታወሰችው። አንድ ባትሪ፣ ሁለት ምስማር፣ አንድ ብርጭቆ። ቤተሙከራ የለም ብሎ ሙከራን ጨርሶ መተው ሰበብ ነው። ከሐረር ብዙ በማይርቀው ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ አለን፤ ተማሪዎቹ በዓመት አንድ ሁለት ቀን ጁገል ውስጥ ገብተው የሰፈሩን ውኃ በሰፈሩ ልጆች ፊት ቢመረምሩ ከብዙ ስብሰባ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ትልቁ ሕልም። እንደ በርሊኑ ያለ የብርሃን ማመንጫ አፍሪካ ውስጥ እስካሁን አንድም የለም። ዮርዳኖስ ግን አለ፤ ሰሰሚ የሚባለው በ2017 ተመርቆ፣ በፖለቲካ የማይነጋገሩ አገሮች ሳይቀሩ በጋራ ይሠሩበታል። ለአህጉራችንም አንድ ይሠራ የሚሉ አፍሪካውያን ሳይንቲስቶች ለዓመታት እየወተወቱ ነው። የዚህ አገር ድምፅም እዚያ ጠረጴዛ ላይ ጎልቶ መሰማት አለበት እላለሁ። ዳቦ ሳይኖር ለምን? የሚል ካለ፦ ሁለቱን የሚያወዳድረው ሰው ብዙ ጊዜ አንዱንም አያመጣም። የውኃን ጥያቄ ለዘላለም ሌላ ሰው እየጠየቀልን፣ መልሱን በሻንጣ እየገዛን መኖር የለብንም።

አራተኛውና ቅርቡ እናንተ ናችሁ። ስልካችሁ ላይ የውኃ ቪዲዮ ስታዩ ከማጋራታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ያየሁት ለውጥ ከውኃው ነው ወይስ ከመሣሪያው? ሁለቱን ብርጭቆ ብናቀያይርስ፣ ጨው ብንጨምርስ ያው ይሆናል? የሚለካው ሰው ልክ ባይሆን የሚከስር ነው ወይስ በደነገጥኩ ቁጥር የሚያተርፍ? ሦስቱም ነጻ ናቸው። ዳታ እንኳ አይበሉም።

ማጣሪያ ሁሉ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም፤ በተመረመረ ውኃ ላይ፣ ለታወቀ ችግር፣ ተገቢው ማጣሪያ ነፍስ ያድናል። ጀርም ካሠጋችሁ ማፍላትና በመመሪያው መሠረት ክሎሪን መጠቀም ለብዙ ቤት ይበቃል። ጄሪካኑን ማጠብ፣ ክዳኑን መዝጋት፣ በንጹሕ እጅ መቅዳት። እነዚህ ማንንም አያስደንቁም፤ ግን ይሠራሉ።

እናቴ አሁንም ውኃዋን አፍልታ ነው የምትጠጣው። ለበዓል ያስቀመጠችው ብርም እንዳለ ነው። ትናንት ጎረቤታችን ያንኑ ሻጭ እንደምትጠብቅ ስትነግራት ሰማኋት። እናቴ ረጅም ማብራሪያ አልሰጠችም። ጓዳ ገብታ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አምጥታ እጇ ላይ አኖረችላት።

«እንኪ፣ ሲመጣ ይቺን ጨው ጣል አድርጊበት» አለቻት።